ቃለ ጉባኤው ውስጥ ያልገባው ምክንያት

ሰንጋ ተራ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን የዳታ ስቶሬጅ (የመረጃ ማከማቻ መሣሪያ) ግዢ የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ ከኮሚቴው ሰብሳቢ ጋር የተነጋገርነው ነገር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ለቴክኒክ 70፣ ለዋጋ 30 ነጥብ ተመድቦ ሳለ፣ አንድ አባል ከ70ው 20ው አምራቹ የቴክኖሎጂ አምራቾችን ደረጃ በሚያሳየው የጋርትነር ማጂክ ኳድራንት ላይ ባለው ቦታ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። በላይኛው ቀኝ ማዕዘን፣ ማለትም በመሪዎቹ ክፍል ያለ ሙሉውን ያገኛል፤ ሌላው ይቀነስበታል።

ኳድራንቱን አልንቀውም። ጋርትነር እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ የቴክኖሎጂ ጥናትና ምክር ድርጅት ሲሆን፣ አምራቾችን በመፈጸም አቅማቸውና በራእያቸው ምሉዕነት መዝኖ በአራት ክፍል ይመድባቸዋል። የሚመዝነው ግን አምራቹን ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ውል የሚፈርመውን ወኪል አይደለም። ከፍተኛ ደረጃ ያገኙትን ብቻ ምረጡ የሚል ምክር እንደማይሰጥም ራሱ በሪፖርቱ ላይ ስለሚጽፍ፣ ያንን አንቀጽ ለኮሚቴው አነበብኩላቸው።

ሰብሳቢያችን እስክጨርስ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ የምትለው እውነት ሊሆን ይችላል። ነገ ኦዲተር መጥቶ ለምን ይህንን መረጣችሁ ሲለኝ ግን እኔ ይህን ወረቀት አሳየዋለሁ። አንተ ምን ታሳየዋለህ?» አሉኝ።

ለጊዜው መልስ አጣሁ። ቀድሞ በሠሩበት ቦታ በቅን ልቦና ለፈረሙት ግዢ ዓመታት ሙሉ ሲጠየቁ የኖሩ ሰው በመሆናቸው ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ ተገቢ መልስም ይገባው ነበር። መስፈርት ጨረታው ከወጣ በኋላ ስለማይነካ በማግስቱ ጠዋት ቢሮአቸው ገባሁና፣ «ጋሼ፣ ለኦዲተሩ የሚያሳዩትን ወረቀት ተጫራቾቹ ራሳቸው ማኅተም አድርገው ይስጡን» አልኳቸው። ዓርብ ማታ ኮንትሮለር (የስቶሬጁን ሥራ የሚመራው የመሣሪያው አካል) ቢበላሽ ተተኪው የሚመጣው ከአዲስ አበባ መጋዘን ነው ወይስ ከዱባይ? ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው ማን ነው? አምራቹ ያሠለጠናቸው ስንት ባለሙያዎች በቋሚነት ተቀጥረዋል? የድጋፍ ዕድሳቱ የሚከፈለው በምን ገንዘብ ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ሲዘል ያየ ሰው የመጨረሻውን ጥያቄ አይዘልለውም። ጥያቄዎቹን የጻፍኩበትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ኳድራንቱም ወደ 5 ነጥብ ወርዶ 15ቱ ለድጋፍ ተመደበ።

ሰነዶቹ ሲከፈቱ፣ ከመሪዎቹ ክፍል ካሉት የአንዱ አምራች ወኪል ለጥያቄዎቹ ሁሉ «በአምራቹ አሠራር መሠረት» ከማለት በቀር የጻፈው አልነበረም። ሌላው የመለዋወጫዎቹን ዝርዝር ከነሴሪያል ቁጥራቸው አያይዟል። ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለው መጋዘኑ ሄደን፣ ሁለት ኮንትሮለሮች ካርቶናቸው ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው አገኘን፤ የመጋዘኑ ሠራተኛ ቁጥሩን ከካርቶኑ ላይ ጮክ ብሎ ሲያነብልን እኔ ከሰነዱ ጋር አመሳከርኩ። ያሸነፈው ይኸው ተጫራች ነው፤ የሚወክለው አምራችም ከመሪዎቹ አንዱ ነው።

ያንን የ20 ነጥብ ሐሳብ ያቀረበው አባል ያረቀቀው ቃለ ጉባኤ ግን የመረጣችንን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው፤ «አምራቹ በዓለም አቀፍ ደረጃ በመሪነት የተመደበ በመሆኑ» ይላል። እንዲስተካከል ስጠይቅ፣ «አሸናፊው ያው አይደለም እንዴ?» ተባልኩ። አሸናፊው ያው ነው፤ ነገር ግን የወደቀውም በመሪነት የተመደበ ነበር፤ የወደቀው መለዋወጫው የት እንዳለ ማሳየት ስላልቻለ ነው። ይህ ካልተጻፈ ቀጣዩ ኮሚቴ ፋይሉን ከፍቶ ኳድራንቱን ብቻ ያገኛል። ረቂቁ እንዳለ በመቅረቱ የመጋዘኑን ጉብኝትና የሁለቱን ተጫራቾች መልስ ከስሜ ሥር በልዩነት አስፍሬ ፈረምኩ።