ጭስና አቧራን በሳተላይት መከታተል፦ እስካሁን የደረስኩበት

ነገርዬው ሱስ ሆኖብኛል። ማታ ማታ ወርልድቪው የሚባለውን የናሳ የሳተላይት ምስል ድረ ገጽ ከፍቼ፣ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ያሉትን የመተማ፣ የቋራና የአለጣሽ ቆላዎች አያለሁ። ነፃ ነው፤ ምዝገባም አይጠይቅም።

መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ። ሳተላይቱ እሳት ያየበትን ቦታ የሚያመለክቱት የእሳት ነጥቦች ላይ የሚጻፈው የግሪንዊች ሰዓት ነው። ወደ ሀበሻ ሰዓት ለመቀየር 3 መቀነስ ብቻ ነው። 10:30 ካለ ከቀኑ 7:30 ነው። ቪርስ የሚባለው እሳቱን የሚያየው የሳተላይት መሣሪያ ቀን ላይ በእኛ ላይ የሚያልፈው እዚያ ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ ገበሬው በሀበሻ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የለኮሰው እሳት የቀኑ ነጥብ ውስጥ የለም። ነጥቡ ራሱ ወደ 375 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ስላለው፣ የማን ማሳ እንደነደደ ከእሱ ላይ ለማወቅ አትድከሙ።

ደመና ነጭ ነው፣ ጠርዙም ይለያል። ጭስ ግራጫ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ጭራውን ተከትላችሁ ወደ ኋላ ስትሄዱ ነጥቡ ላይ ያደርሳችኋል። አስቸጋሪው አቧራ ነው። ቀይ ባሕር ላይ ሲሆን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የሱዳን አሸዋ ላይ ሲሆን ግን ከመሬቱ ጋር ይመሳሰላል። እዚህ ላይ ያዳነኝ ሜቴዎሳት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች የአቧራ ምስል ነው። የሚሠራው በሙቀት ጨረር ስለሆነ ሌሊትም ያያል፣ በየ15 ደቂቃው ይታደሳል፣ አቧራውንም ሮዝ አድርጎ ያወጣዋል። ምስሎቹን አከታትላችሁ ስታጫውቱ ሮዙ ሲነጉድ ታያላችሁ። አንድ ምስል ብቻ አይቶ መፍረድ ደግሞ አልወድም፤ የሚንቀሳቀሰውን ነው የምናምነው።

ብዙ ያሳሰበኝ ከፍታ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ የመተማ ቆላ ከእኛ እጅግ ዝቅ ይላል። በበጋ እታች የሚበዛው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ የቆላው ጭስ በአብዛኛው ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ሱዳን ሲያዘግም ነው የማየው። በሌላ በኩል ኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ተቃራኒውን ነው ያደረገው። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን አልፎ እስከ ፓኪስታንና ህንድ ዘለቀ። ወቅቱ ያው በጋ ነው፤ ግን አመዱ በጣም ከፍ ብሎ ስለወጣ የላይኛው ነፋስ ወደ ምሥራቅ ወሰደው። ከሳተላይት የተነሳው ምስል ደግሞ ይህን ከፍታ አይነግራችሁም። ጎንደር ላይ ጭስ ታየ ማለት ፒያሳ ያለው ሰው ይተነፍሰዋል ማለት አይደለም፤ ከራሳችን በላይ እያለፈ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ጎሃ ኮረብታ ላይ ወጥቶ በዓይን ማየትን እስካሁን ያልተውኩት።

ቀጣዩ ሥራዬ ከግንቦት ጀምሮ ሃቡብ የሚባለውን የሱዳን ኃይለኛ የአቧራ ማዕበል መከታተል ነው። ገንዳ ውሃ ወይም ሸኸዲ አካባቢ ያላችሁ፣ አቧራ ስታዩ ሰዓቱንና የመጣበትን አቅጣጫ ጻፉልኝ። ፎቶ ካለማ እሰየው።