አምቡ ባግ፦ ስድስተኛ ሳምንት

የአምቡ ባግ ስልጠናዬን ስድስተኛ ሳምንት ጨረስኩ። አምቡ ባግ መተንፈስ ላቃተው ሰው በማስክ በኩል አየር ለመስጠት በእጅ የሚጨመቅ ባግ ነው። ሲያዩት ቀላል የሚመስለው ነው ከሁሉም የከበደኝ፦ ማስኩን ፊት ላይ በደንብ መያዝ።

እስካሁን ሐሳቤ በሙሉ ባጉን የሚጨምቀው እጄ ላይ ነበር። አየሩ ግን በጉንጭ በኩል ሽው እያለ ያመልጣል፤ የመለማመጃው አሻንጉሊት ደረት ንቅንቅ አይልም። እኔም እልህ ይይዘኝና ማስኩን ወደ ታች እጫናለሁ። አሰልጣኜ እጄን ያዘችና «ፊቱን ወደ ማስኩ አምጪው እንጂ ማስኩን አትጫኚ» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ስጫን አገጩ ወደ ደረቱ ይወርዳል፤ ምላሱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የአየሩ መንገድ ይዘጋል። ለካ ስዘጋው የነበርኩት ራሴ ነኝ!

አሁን አውራ ጣቴና ጠቋሚ ጣቴ ማስኩን ከላይ ይከቡታል። የቀሩት ሦስቱ የመንጋጋውን አጥንት ይዘው ወደ ላይ ያነሳሉ። አጥንቱን ነው የምላችሁ። ከአገጭ ስር ያለውን ለስላሳ ሥጋ ከጫናችሁ ምላሱን መልሳችሁ ወደ ኋላ ትገፉታላችሁ፤ ሕፃናት ላይ ደግሞ ይብሳል።

ሁለት ሰው ካለ አንዱ በሁለት እጁ ማስኩን ይያዝ፣ ሌላው ይጭመቅ። ብቻዬን ግማሽ ሰዓት የታገልኩበትን ከባልደረባዬ ጋር ወዲያው አገኘነው። ብቻዬን ካልቻልኩ የሚለውን ነገር ትቼዋለሁ፤ ለታካሚው የሚጠቅመው አየሩ መግባቱ ነው።

ሌላው ችግሬ መቸኮል ነው። ባልደረባዬ በስልክ ቀርጻኝ ስንቆጥረው በደቂቃ 26 ጊዜ ጨምቄያለሁ። የልብ ምት ያለው ግን የማይተነፍስ አዋቂ በየ6 ሰከንዱ አንዴ ይበቃዋል፤ በደቂቃ 10 ማለት ነው። ባጉንም እስከ መጨረሻው መጭመቅ አያስፈልግም። የአዋቂው ባግ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይይዛል፤ ለአንድ ትንፋሽ የሚፈለገው ግን ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ነው። በአንድ ሰከንድ ቀስ አድርጎ መስጠት፣ ደረቱ ከፍ ሲል ማቆም። ሲበዛና ሲፈጥን አየሩ ጨጓራ ይገባል። ጨጓራ ሲነፋ ያስመልሳል፤ ትውከቱም ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ሳክሽኑ (ትውከትን ከአፍ ስቦ የሚያወጣው መሣሪያ) እንደሚሠራ ሳላይ አልጀምርም።

በ1952 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ጊዜ የሕክምና ተማሪዎች እየተፈራረቁ ባግ በእጃቸው ሲጨምቁ ሰንብተዋል፤ መተንፈስ ያቃታቸው ሕሙማን እስኪያገግሙ። አሥር ደቂቃ ቆይቼ ጣቶቼ ሲዝሉ እነሱን አስባለሁ።

አሁን ድምፄን አውጥቼ እየቆጠርኩ ነው የምጨምቀው። ትናንት እንደገና ቀረጸችኝ፤ 11። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሕፃናት ማስክ እገባለሁ።