የተሰረዘችው 60 ዶላር

ዛሬ ጠዋት ሜክሲኮ አካባቢ በቀን የማከራያትን ባለ አንድ መኝታ ቤት ቁልፍ ላስረክብ ሄድኩ። እንግዳዋ ከውጭ የመጡ እናት ናቸው። ገና ሻንጣቸውን ሳያስገቡ ስልካቸውን አውጥተው ቤቱን የያዙበትን ድረ ገጽ አሳዩኝ፤ የሌሊቱ ዋጋ 60 ዶላር ላይ ሰረዝ ተስቦበት ከጎኑ 48 ይላል።

«ልጄ፣ ይቺ 60 እውነት ነበረች ወይስ እኛን ማባበያ ናት?»

«እውነት ናት እማማ» አልኳቸው። ባለፈው ወር በ60 ያደሩ አሉ። 7 ሌሊት ለሚያድር 20 በመቶ ስለምቀንስ ነው። 420 የነበረው 336 ይሆናል፤ 84ቱ ዶላር ከእኔ ኪስ ነው የሚወጣው። የድረ ገጹ ኮሚሽን ደግሞ ከቀረው ላይ ይቆረጣል።

ግን አልፈረድኩባቸውም። ዋጋ ሰቅሎ መልሶ «ቀነስኩ» የሚለው ብዙ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ዕቃ ሻጭ ቅናሽ ሲለጥፍ ከቅናሹ በፊት በነበሩት 30 ቀናት የሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ለእኛ ለቤት አከራዮችም እንዲህ ያለ ደንብ ቢኖር ከልቤ ደስ ይለኛል።

የከፋኝ ሌላው ነው። ሰሞኑን 2 ሌሊት ብቻ የሚያድር ልጅ «በ48 ካልሆነ» ብሎኝ ቀረ። 48ን ያየ ሰው 60 ሲሉት የተጭበረበረ ይመስለዋል።

ማታ ቤት ገብቼ ድረ ገጹ ላይ ባለው የቤቱ መግለጫ መጀመሪያ ላይ «ቅናሹ 7 ሌሊትና ከዚያ በላይ ለሚያድር ነው» ብዬ ጻፍኩበት።