በአኖሬክሲያ ለታመመ ልጅ የቤተሰብ ሕክምና፦ ስደተኛ ወላጅ ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ

በስደት አገር የወላጆቿን ደብዳቤ የምታነብ፣ ስልካቸውን የምትደውል ልጅ በአኖሬክሲያ ነርቮሳ (ውፍረትን ከመፍራት የተነሣ ምግብ በሚያስተው የአመጋገብ ሕመም) ስትታመም ሐኪሙም ፊት አስተርጓሚ ሆና ትቀመጣለች። ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ «ዛሬውኑ መጀመር አለበት» ያለው እናት ጆሮ ሲደርስ «ትንሽ እንጠብቅ» ሊሆን ይችላል። ተንኮል አይደለም፤ በሽታው ክብደት መጨመርን ከምንም በላይ ስለሚያስፈራት ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ሙያተኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ታላቅ ወንድምም ይሁን እህት አያስተርጉም፤ የእነሱ ድርሻ የታመመችዋን ማጽናናት እንጂ በወላጅና በሐኪም መካከል መቆም አይደለም። (በሽታው ወንዶች ልጆችንም ይይዛል።)

ቤተሰብን መሠረት ያደረገው፣ ማለትም ወላጆች ልጃቸውን ቤት ውስጥ እያበሉ እንድትድን የሚረዱበት ሕክምና የተጀመረው ለንደን በሚገኘው ሞድስሊ ሆስፒታል ነው። በአብዛኛው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ሲፈጅ፣ 20 ያህል ቀጠሮዎች አሉት። በ2010 በወጣ፣ 121 ወጣቶች በተሳተፉበት ጥናት ሕክምናው ካበቃ ከ1 ዓመት በኋላ ሙሉ በሙሉ አገግመው የተገኙት በዚህ መንገድ ከታከሙት 49 በመቶ፣ ለብቻቸው ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ ከታከሙት 23 በመቶ ነበሩ።

ቴራፒስቱ (ሕክምናውን የሚመራው ባለሙያ) ጥፋተኛ አይፈልግም። «ይዘናት ባንሰደድ ኖሮ» የሚለው ጸጸት ጉልበት ከመጨረስ በቀር የሚያበላት ጉርሻ የለም።

ሕክምናው ሦስት ምዕራፎች አሉት፤ ከባዱ የመጀመሪያው ነው። ምን፣ ስንት፣ መቼ እንደሚበላ የሚወስኑት ወላጆች ናቸው፤ ሳህኑንም የሚሞሉት እነሱ። ብዙውን ጊዜ በቀን 3 ዋና ምግብና 2 ወይም 3 መክሰስ ይታዘዛል። ስትበላ ዐዋቂ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ከበላችም በኋላ እንዳታስመልስ ወይም ስፖርት ውስጥ እንዳትገባ አብሯት ይቆያል። በሁለተኛው ቀጠሮ ቤተሰቡ ምግብ ይዞ ሄዶ ቴራፒስቱ ፊት ይበላል። የዚያን ቀን ግቡ ልጅቷ ካሰበችው በላይ አንዲት ጉርሻ እንድትጨምር ማድረግ ነው።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ድርድር ሲገባ ነው። ገበታ ላይ ስለ ካሎሪ መከራከር የትም አያደርስም፤ «እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፣ ግን ይሄን ትጨርሻለሽ» ብሎ መድገም ይሻላል። ሌላው የፈረቃ ሥራ ነው። አባት ሌሊት፣ እናት ቀን ሲሠሩ አንዱ ያጠበቀውን ሌላው ያላላዋል፣ በሽታውም ያቺን ክፍተት ያውቃታል። ማን ቁርስ፣ ማን እራት እንደሚያበላ፣ መጠኑም ስንት እንደሆነ በወረቀት ጻፉ፤ ለምሳ ከትምህርት ቤቱ አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ይመደብ። ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅ የሚረዳው ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለ ቀጠሮው ላይ ይገኝ፤ ሰምቶ ካልገባው አዝኖላት ምግቡን ያስተዋታል። ቁጣና ወቀሳ የበዛበት ቤት ከሆነ ወላጆች ለብቻ፣ ልጅቷ ለብቻ እንዲታዩ መጠየቅ ይቻላል፤ እንዲህ ላለ ቤተሰብ ይህ የተሻለ ይሠራል።

ክብደቷ በየቀጠሮው ይመዘናል። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ወደ 2.3 ኪሎ ከጨመረች ጥሩ ምልክት ነው። ካልጨመረች «ገና ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ አካሄዱ እንዲጠናከር፣ ቴራፒስቱ ፊት የሚበላው የቤተሰብ ምግብም እንዲደገም ጠይቁ። ለረጅም ጊዜ ሳትበላ የቆየች ልጅ ምግብ ስትጀምር ደግሞ በደሟ ውስጥ ያለው ፎስፌት የሚባል ማዕድን በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል፣ አመጋገቡ በሐኪም ምክርና በደም ምርመራ ይጀመር። ራሷን ከሳተች፣ ነቅታ ሳለ የልብ ምቷ በደቂቃ ከ50 በታች ከወረደ ወይም ጨርሶ አልበላም ካለች ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት።

በሁለተኛው ምዕራፍ ምግቡ ቀስ በቀስ ወደ እጇ ይመለሳል፤ በሦስተኛው ወሬው ስለ ጓደኛ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ወጣትነት ሕይወቷ ይሆናል። ድካም የጠናባቸው ወላጆች ግን ክብደቷ ሲስተካከል ሁሉንም ባንዴ ይለቃሉ። በአንድ መክሰስ ጀምሩ፤ ሚዛኑ ከወረደ ያንን መክሰስ መልሳችሁ ያዙ።