ሁለት ሪሌዮችን ማናበብ፦ ከሙከራ ጠረጴዛዬ

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የሠራሁት ሙከራ ሲነገር ቀላል ነው፦ አንድ የሬዲዮ ላኪ፣ አንድ ተቀባይ፣ መሀል ላይ ደግሞ መልእክቱን ፈትተው አላሙቲ እ.ኤ.አ. በ1998 ባስተዋወቀው ኮድ (አንድን መልእክት ለሁለት አንቴናዎች የሚያከፋፍል ዘዴ) በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፉ ሁለት ሪሌዮች፣ ማለትም አቀባይ ሬዲዮዎች። ሲሙሌሽኑ ብዙም አላስቸገረኝ። ጊዜዬን የበላው ጽሑፎቹ «ሪሌዮቹ ፍጹም የተናበቡ ናቸው እንበል» ብለው በአንድ መስመር የሚያልፉት ነገር ነው፦ የሁለቱን ሰዓትና ፍሪኩዌንሲ አንድ ማድረግ።

መጀመሪያ ፍሪኩዌንሲን የሚያስተካክለውን የ10 ሜጋ ሄርዝ ማጣቀሻና ሰዓትን የሚያስተካክለውን የሰከንድ ምት በኬብል ለሁሉም አከፋፈልኩ። እንዲህ ሲሆን የኮድ ስህተትና የመናበብ ችግር አይደባለቁም። ኮዱ መሥራቱን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው ኬብሉን የነቀልኩት።

ሰዓቱ ከፈራሁት ቀለለ። ሬዲዮዎቹ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው በሶፍትዌር የሚታዘዙ ዩኤስአርፒ ቢ200 ናቸው፤ ኮምፒውተሩ አስልቶ የሚመልስበት ጊዜ አንዴ ያጥራል፣ አንዴ ይረዝማል። ስለዚህ «አሁን ላክ» ማለት አያዋጣም። ሬዲዮው ፍሬሙ (አንዱ የመልእክት ጥቅል) የደረሰበትን ቅጽበት በራሱ ሰዓት ስለሚመዘግብ «ከደረሰህ ከ20 ሚሊሰከንድ በኋላ ላክ» አልኩት። በዚህች ጊዜ ውስጥ ሁለቱ ሰዓቶች የሚለያዩት ከ0.1 ማይክሮሰከንድ በታች ነው። በሰከንድ 1 ሚሊዮን ናሙና ስለምወስድ የተረፈችውን መዛነፍ የ16 ናሙና ሳይክሊክ ፕሪፊክስ (ከምልክቱ መጨረሻ ተቀድቶ ፊቱ ላይ የሚለጠፍ መጠባበቂያ) ዋጣት። ፍሬሙን ለማግኘት የሽሚድልና ኮክስ ዘዴ ጥሩ ነው፤ ግን የሚሰጠው ውጤት ጫፉ ሹል ሳይሆን ሜዳ ስለሆነ ትክክለኛውን ናሙና የለየሁት ሹል ጫፍ በሚሰጠው የዛዶፍ ቹ ቅደም ተከተል ነው።

የፍሪኩዌንሲው ነገር ግን ሌላ ነው። የቢ200 ኦሲሌተር (ፍሪኩዌንሲውን የሚያመነጨው ክፍል) ከሚሊዮን እስከ 2 እጅ ሊያዛንፍ ይችላል። ይህ በ2.45 ጊጋ ሄርዝ ላይ 4.9 ኪሎ ሄርዝ ይሆናል፤ አንዱ ሪሌይ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ካዘነበለ በመካከላቸው 9.8። የእኔ ኦኤፍዲኤም (መረጃውን በብዙ ጠባብ ሞገዶች ከፋፍሎ የሚልክ ዘዴ) 64 ንዑስ ተሸካሚዎች፣ ማለትም እነዚህ ጠባብ ሞገዶች፣ ስላሉት በመካከላቸው ያለው ክፍተት 15.6 ኪሎ ሄርዝ ብቻ ነው። ተቀባዩ የሚሰማው የሁለቱን ድምር ስለሆነ የአንዱን ሲያርም የሌላውን ያበላሻል። መፍትሔው ያለው ተቀባዩ ጋ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሪሌይ ከላኪው ያለውን ልዩነት ለክቶ፣ ከመላኩ በፊት ሞገዱን በዚያው መጠን ማዞር አለበት። ምልክቱን መደመርና መቀነስ ካምታታ ልዩነቱ እጥፍ ይሆናል።

ያም ሆኖ ቅሪት አይጠፋም። 100 ሄርዝ ብትቀር ፌዙ (የሞገዱ ማዕዘን) በ10 ሚሊሰከንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። ስለዚህ ፍሬሙን አሳጠርኩ፤ ሪሌዮቹም ፓይለታቸውን (ተቀባዩ አስቀድሞ የሚያውቀውን ምልክት) በየተራ እንዲልኩ አደረግኩ፣ አንዱ ሲልክ ሌላው ዝም። ተቀባዩ የሁለቱን ቻነል (ምልክቱ በመንገዱ ላይ የሚደርስበትን ለውጥ) ለየብቻ የሚያውቀው እንዲህ ነው።

ሪሌዩ መልእክቱን ሳይፈታ አጉልቶ ብቻ የሚያስተላልፍ ከሆነ ግን ይህ የፍሪኩዌንሲ ማረሚያ መዘጋት አለበት። ሲቀበል የተቀነሰው ልዩነት በዚያው ኦሲሌተር ሲላክ በራሱ ተመልሶ ይደመራልና።