ዳፊን ተከትዬ፦ ከክሮስማች ጠረጴዛ ወደ ምርምር

ምርምሬ ምን ላይ እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ዳፊ ላይ» ብዬ ስመልስ ወሬው ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቆማል። ሰው የሚያውቀው ኤ፣ ቢ፣ ኦ እና አርኤች ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭን ነው። ዳፊም የደም ዓይነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ለንደን ላይ ይፋ ሲሆን ስሙን ያገኘው ደጋግሞ ደም ከተሰጠው የሄሞፊሊያ ታማሚ ነው።

ወደዚህ የገባሁት አቅጄ አይደለም። ተመርቄ የተመደብኩበት የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራዬ ክሮስማች፣ ማለትም የለጋሹ ደም ከታማሚው ጋር መስማማቱን መፈተን ነበር። ቶሎ ቶሎ ደም ከሚወስዱ ታማሚዎች ለአንዳንዶቹ፣ ዓይነቱ የገጠመው ደም እንኳ ክሮስማች ላይ ይቋጠራል፤ ሕዋሶቹ ይጣበቃሉ። ሰውነታቸው ቀድሞ በወሰዱት ደም ላይ ያገኘውን ባዕድ አንቲጅን (በሕዋሱ ላይ ያለ ምልክት) የሚቃወም አንቲቦዲ፣ ማለትም የመከላከያ ፕሮቲን ሠርቷል ማለት ነው። የትኛው አንቲጅን እንደሆነ የሚለየው ፓነል (ዓይነታቸው የታወቀ የሕዋሶች ስብስብ) ውድ ነው፤ ቶሎም ይበላሻል፤ ብዙ ጊዜ እጃችን ላይ አይገኝም ነበር። መዝገብ ግን ነበረን። አዳር ተረኛ ስሆን እሱን እያገላበጥኩ ያልገጠሙትን ለብቻ መጻፍ ጀመርኩ፤ የማስተርስ ፕሮፖዛሌ የወጣው ከዚያ ነው። ርዕስ ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ የሚከርሙ ተማሪዎቼን ዛሬም መጀመሪያ መዝገብ ክፈቱ እላቸዋለሁ። ስለ ዶክትሬቱ የሚወራ ብዙ የለም፤ ሥራ ላይ እያለሁ አለቀ።

የእጁ ሥራ በአብዛኛው ማጠብ ነው። ቀይ የደም ሕዋሱን ከታማሚው ሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ጋር 37 ዲግሪ ላይ አቆይተን፣ በሳላይን ደጋግመን አጥበን፣ የኩምብስ ሴረም (አንቲቦዲ የያዙ ሕዋሶችን የሚያጣብቅ መፈተሻ ፈሳሽ) ጠብ አድርገን ሴንትሪፉጅ ውስጥ እናዞረዋለን። ከዚያ ቲዩቡን ወደ ብርሃን ይዞ ቀስ ብሎ ማዘንበል ነው። ከሥሩ የረጋው ቀይ ነገር እንደ ጭስ እየተበተነ ከተነሣ ኔጌቲቭ፣ ተቆራርሶ ከወጣ ፖዘቲቭ። ኔጌቲቭ ሲሆን ግን እዚያ አይቆምም፤ አይጂጂ የተባለ አንቲቦዲ የተቀባ የቁጥጥር ሕዋስ ይጨመርበታል። እሱ ካልተቋጠረ እጥበቱ አልጠራም፣ ወይም የኩምብስ ሴረሙ ተረስቷል፤ ውጤቱ አይያዝም። ሬጀንት በሚቸግርበት ቦታ ይህን መዝለል ያጓጓል። ተማሪ ላይ የምቆጣው በዚህ ነው፤ በሌላው ታጋሽ ነኝ።

ዳፊ ኔጌቲቭ ሰው፣ ማለትም ቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ዳፊ የሌለው፣ ቫይቫክስ በተባለው የወባ ዓይነት እንደማይያዝ እ.ኤ.አ. በ1976 ተጽፎ ነበር፤ ተውሳኩ ሕዋሱ ውስጥ የሚገባው ዳፊን ተጠቅሞ ነውና። በምዕራብ አፍሪካ ሕዝቡ በአብዛኛው ኔጌቲቭ ነው። እኛ ዘንድ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራል፣ ቫይቫክስም አለ። ኋላ ማዳጋስካር ውስጥ፣ ቀጥሎም እዚህ፣ ዳፊ ኔጌቲቭ ሆነው በቫይቫክስ የተያዙ ሰዎች ሲገኙ ናሙናችን ተፈላጊ ሆነ። ደሙ ከእኛ ሄዶ ትንተናው ሌላ አገር መሠራቱ ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ ከውጭ ተባባሪ ጋር ስምምነት ከመፈረሜ በፊት መጀመሪያ የምጠይቀው ዳታውን የሚተነትነው ማን እንደሆነ ነው።

ለታማሚ ሲጠቅም በዓይኔ ያየሁት ግን ሌላውን ገጽታ ነው። ዳፊ ኔጌቲቭ የሆነ ጤነኛ ሰው ኒውትሮፊሉ (አንዱ የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ዝቅ ሊል ይችላል፤ ማሽኑ ግን በማይክሮሊትር ከ1,500 በታች ሲያገኝ ምልክት ያደርግበታል። ካንሰር የሚያክም አንድ ወጣት ሐኪም ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ የእኚህ እናት ኒውትሮፊል አልነሣ አለኝ። የኬሞውን ቀን አሁንም ላራዝመው?»

«ሳይታመሙ በፊት ስንት ነበር?»

ልጃቸው የድሮ የሲቢሲ (የደም ቆጠራ) ወረቀት ከቤት ፈልጎ አመጣ፤ ያኔም ዝቅ ያለ ነበር። ደም ወስደው ስለማያውቁ የዳፊ ዓይነታቸውን ለመለየት አልተቸገርንም፤ ወስደው ቢሆን የለጋሹ ሕዋስ ተቀላቅሎ ያሳስተን ነበር። ኔጌቲቭ ሆኑ፤ ሐኪሙም ይህን ከግምት አስገብቶ ሕክምናውን ቀጠለ።

አሁን የያዝነው በቋሚነት የሚለግሱ ሰዎችን ዝርዝር የደም ዓይነት መመዝገብ ነው። ለዘመዱ ብሎ አንዴ የሚሰጥ ሰው ተመልሶ ላይመጣ ይችላል፤ በየሦስት ወሩ የሚመጣው በጎ ፈቃደኛ ግን ሲያስፈልግ ይጠራል። ለዳፊ ኔጌቲቭ ታማሚ ደግሞ የግድ ዳፊ ኔጌቲቭ ደም መፈለግ የለብንም። በአፍሪካውያን ዘንድ የተለመደው የዘር ለውጥ፣ ከሁለቱ ዋና የዳፊ አንቲጅኖች (ኤፍዋይ-ኤ እና ኤፍዋይ-ቢ) ኤፍዋይ-ቢን የሚያጠፋው ከቀይ የደም ሕዋስ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው አካል ስለሚያውቀው ፀረ ኤፍዋይ-ቢ አንቲቦዲ የሚሠራው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ፀረ ኤፍዋይ-ኤ ለሠራ ታማሚ መዝገቡ ላይ የምንፈልገው ኤፍዋይ-ኤ የሌለበትን ለጋሽ ነው።