ከጥገናው በፊት ቮልቴጁ ይለካ

ኮዬ ፈጬም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ ከተማው ዳር ላይ ምጣድ «ደከመ» ተብሎ ወደ ጠጋኝ ከመሄዱ በፊት ሶኬቱን በቴስተር (ቮልትና ኦም በሚለካው መሣሪያ) መለካት ያስፈልጋል። የሚለካውም ጎረቤቱ ሁሉ በሚጋግርበት ሰዓት ነው። ቤቱ ከትራንስፎርመር ከራቀ 220 መሆን የነበረበት ያኔ ወደ 180 ቮልት ሊወርድ ይችላል። በ180 ቮልት ደግሞ የ3500 ዋት ምጣድ የሚሰጠው 2340 ዋት ያህል ብቻ ነው። እንጀራው ዓይን አላወጣም፤ ምጣዱ ግን ጤነኛ ነው።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፦ ኃይል እንዲጨምር ተብሎ የምጣዱ ማሞቂያ ሽቦ ተቆርጦ ያጥራል። ከሽቦው ከአምስት አንድ እጁ የተቆረጠ ምጣድ ቮልቴጁ የተስተካከለ ቀን ወደ 4400 ዋት፣ ማለትም 20 አምፔር ይስባል። የ16 አምፔር ሶኬት ይህን አይችልም፤ ይቀልጣል። ሽቦውም ብዙ ሳይቆይ ይበጠሳል። የተበጠሰውን ጠምዝዞ መቀጠል ደግሞ ችግሩን ያባብሳል፤ መገጣጠሚያው ከሌላው ቦታ በላይ ስለሚግል እዚያው ላይ እንደገና ይለቃል። ሸክላው ካልተሰነጠቀ ሙሉ ሽቦ ይቀየር። ምጣዱ ተነቅሎ ሁለቱ ጫፎች ሲለኩ ለ3500 ዋት 14 ኦም ገደማ መምጣት አለበት። 11 ካመጣ ከዚህ በፊት ተቆርጧል። ይህ ጥገና ሁልጊዜም ያዋጣል።

ቴሌቪዥን ይለያያል። ድምፅ እያለው ከጨለመ፣ ክፍሉን አጨልሞ የስልክ መብራት ስክሪኑ ላይ በጎን ማብራት ነው። ደብዛዛ ምስል ከታየ የሞተው የጀርባ መብራቱ ነው፤ ይጠገናል። አንድ አምፖል ብቻ አታስቀይሩ፤ እኩል ስላረጁ ቀሪዎቹም ይከተላሉ። ጨርሶ አልነሳ ካለ ፓወር ቦርዱ (ኃይል የሚያከፋፍለው ሰሌዳ) ላይ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ይፈለግ። ተተኪው ማይክሮፋራዱ (የመያዝ አቅሙ) እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ የተጻፈበት ይሁን። ትልቁ ካፓሲተር ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ተነቅሎም 310 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ሳይለካ አይነካ። ምናለሽ ተራ ያገለገለ ቦርድ የሚገዛ ሰው የቴሌቪዥኑ ሞዴል መመሳሰሉ አይበቃውም፤ ቦርዱ ላይ የታተመው ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊደል መግጠም አለበት። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ግን ብር አታውጡበት፤ ቦርዶቹን ለመለዋወጫ ሽጧቸው።

ፍሪጅ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ተነቅሎ ይቆይ። የጋዙ ግፊት ሳይረግብ ኮምፕሬሰሩ ሊነሳ ሲሞክር ያቅተውና «ጠቅ» ብሎ ይጠፋል፤ ቮልቴጅ ሲያንስም እንዲሁ። ይህ ሲደጋገም የሞተሩ ጥቅልል ይቃጠላል። ጠቅ ጠቅ የሚል ፍሪጅ መጀመሪያ ኮምፕሬሰሩ ጎን ያለው ማስነሻ ሪሌይ ይታይለት፤ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው። ከመግዛት በፊት ግን ፍሪጁን ነቅሎ፣ ሪሌዩን አውልቆ ሦስቱን የኮምፕሬሰር የኤሌክትሪክ እግሮች ከብረት አካሉ ጋር መለካት ነው። አንዱ እንኳ ከብረቱ ጋር ከተገናኘ ሞተሩ አልቋል፤ ሪሌይ አያስነሳውም።